ሁለት ፀሐይ ያላት ዓለም ሰማይ እንዴት ይሰላል?

እ.አ.አ በ1977 ለዕይታ በበቃው "ስታር ዋርስ" ፊልም ውስጥ፣ ከደረቅ አየር እርጥበት እየሰበሰበ በሚኖር የገበሬ ቤት ያደገ ወጣት ሁለት ፀሐዮች ጎን ለጎን ሲጠልቁ ቆሞ ይመለከታል። ዓለሟ ታቱዊን ትባላለች፤ ስሟ በደቡባዊ ቱኒዚያ ከምትገኘው ታታዊን ከተማ የተወሰደ ነው። ታቱዊን የፈጠራ ውጤት ብትኾንም፣ ከዚያ አንድ ትዕይንት ብቻ ተነስቶ ስለ ሰማይዋ ብዙ ማወቅ ይቻላል።

የመጀመሪያው ፍንጭ የፀሐዮቹ መልክ ነው። ሁለቱም ክብ ኾነው ጎልተው ይታያሉ። ፕላኔቷ አንደኛዋን ብቻ የምትዞር፣ ሌላዋም እጅግ የራቀች ብትኾን ኖሮ፣ ሩቋ እንደ ደማቅ ኮከብ እንጂ እንደ ፀሐይ ባልታየች ነበር። ስለዚህ ፕላኔቷ ሁለቱንም በአንድነት ትዞራለች ማለት ነው።

ሁለተኛው ፍንጭ ሰው የሰፈረባት መኾኗ ነው። ለዚህ ምሕዋሯ የጸና መኾን አለበት። ለፀሐዮቹ ከቀረበች የሁለቱ ስበት ከመንገዷ ያስወጣታል። እንዳትናወጥ በፀሐዮቹ መካከል ካለው ርቀት ሦስት እጥፍ ያህል መራቅ ይኖርባታል። በዚህም ምክንያት ፀሐዮቹ በሰማይዋ ላይ ከ20 ዲግሪ ብዙም በልጠው አይራራቁም። ይህ ክንድ ተዘርግቶ በሰማይ ላይ ሲለካ አንድ ስንዝር ገደማ ነው።

ቀኗ እንደ እኛ 24 ሰዓት ቢኾንና ፀሐዮቹ ቀጥ ብለው ቢጠልቁ፣ አንደኛዋ ከጠለቀች በኋላ ሁለተኛዋ ቢዘገይ ቢዘገይ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ያህል ትቆያለች። ስለዚህ ሁለት ፀሐይ ያላት ዓለምም ሌሊት አላት። ቀን ላይ ግን እያንዳንዱ ሰው ሁለት ጥላ ይኖረዋል።

ይህ ስሌት ባዶ ምኞት አይደለም። እ.አ.አ በ2011 ኬፕለር የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ ሁለት ኮከቦችን የምትዞር ፕላኔት ማግኘቱ ይፋ ኾኗል። የተገኘችው በኮከቦቹ ፊት ስታልፍ ብርሃናቸው በመቀነሱ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም በላሊበላ የታየውን የቀለበት ግርዶሽ የተመለከተ ሰው መርሑን ያውቀዋል። ኬፕለር 16ቢ የተባለችው ይህች ፕላኔት ኮከቦቿን በ229 ቀናት ትዞራለች። ከእነርሱ ያላት ርቀት 105 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኾን፣ በኮከቦቹ መካከል ያለው ደግሞ 33 ሚሊዮን ገደማ ነው። ይህም ከሦስት እጥፍ ጥቂት ይበልጣል። ይሁን እንጂ የሳተርንን ያህል ግዙፍና ቀዝቃዛ በመኾኗ የሚታረስ መሬት የላትም።

ፍንጭ የማይነግረንም አለ። በምድራችን በጋና ክረምት የሚፈራረቁት ምድር 23.5 ዲግሪ ገደማ አጋድላ ስለምትዞር ነው። የታቱዊን ዘንበል ማለት በትዕይንቱ አይታይም፤ ስለዚህ ስለ ወቅቶቿ መናገር ግምት እንጂ ስሌት አይኾንም። የስሌቱ ቁም ነገርም ይኸው ነው፤ ከታየው የሚከተለውን መቀበል፣ ካልታየው ግን አለመጨመር።