በክረምት ድንችን ስለሚያጠፋው በሽታና ስለ ዘር ድንች አመራረጥ

ላምበረት ዛሬ ከተማ ሆኖ፥ ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ የሚሳፈርበት ስፍራ ነው። ስሙ ግን የከብትና የእርሻ ስም ነው። ከበላዩ ያለው የየካ ተራራ ከእንጦጦ ጋራ ተያይዞ ይገኛል፤ የእንጦጦም አናት ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያልፋል። የዚህ ደጋ ብርድ፥ ጉምና የክረምት ዝናብ ለገብስና ለድንች ይስማማል። ነገር ግን ለድንች የሚስማማው አየር ለድንች ጠላትም የሚስማማ ነው።

ድንች በአገራችን የቆየ ተክል አይደለም። ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፀዋት ዐዋቂ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1858 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ እንዳስገባው ይነገራል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።) ከ1888 እስከ 1892 ከብት ባለቀበትና ሕዝብ በተራበበት በክፉ ቀን ግን የድንች ጥቅም ይበልጥ ታወቀ። የአምናው ገብስ ከጎተራ አልቆ የዘንድሮው ገና ሳይደርስ፥ በነሐሴ ወር ከመሬት ተቆፍሮ የሚበላ ነገር ማግኘት ለደሀ ቤት ትልቅ ነገር ነውና። እንግዲህ በዚያ ወር ድንቹ ቢበሰብስ የሚጎድለው የገበያ ትርፍ ብቻ አይደለም፤ የቤተ ሰብ እራት ነው።

የዚህ በሽታ ክፋት በአየርላንድ ታይቷል። በ1845 በሽታው ወደዚያች አገር ገባ፤ ድሀው ሕዝብ ከድንች በቀር ሌላ መብል ስላልነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው በረሃብና በተስቦ አለቀ፤ ከዚያ የሚበልጥም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰዎች ምክንያቱን ክፉ አየር ነው ይሉ ነበር። በኋላ እንደ ተረጋገጠው ግን ሻጋታ የሚመስል ረቂቅ ሕያው ነው፤ ስሙንም ዴ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1876 አወጣለት።

ባላገሩ የድንቹ ቅጠል ሲጠቁር ባየ ጊዜ ዋግ መታው ወይም ምች መታው ይላል። በማለዳ፥ ጤዛው ሳይደርቅ፥ የጠቆረውን ቅጠል ገልብጦ ቢመለከት በጥቁሩ ዙሪያ እንደ ዐመዳይ ያለ ነጭ ነገር ያያል። ይህ የበሽታው ዘር ነው። ነፋስ ይዞት ከእርሻ ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ዝናብም አጥቦ ወደ አፈር ያወርደውና ሥሩን ያበሰብሰዋል። ዝናብና ጉም ከቀጠለ አረንጓዴ የነበረው እርሻ በሁለት ሳምንት ውስጥ እሳት የበላው ይመስላል። ቲማቲምንም የሚይዘው ይኸው በሽታ ነው።

ብዙ ገበሬዎች ከዚህ ለማምለጥ ድንቻቸውን በበልግ መዝራት ለምደዋል። ብልሃቱ መልካም ነው፤ የበልግ ዝናብ ግን የማይታመን ስለ ሆነ ገበሬው ከበሽታ ሸሽቶ ድርቅ ላይ ይወድቃል። የሚሻለው በሽታውን የሚችል ዝርያ ማግኘት ነው። የሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል ጃለኔን በ2002፥ ጉደኔን በ2006፥ በለጠን በ2009 አውጥቷል። በሽታውም ጠባዩን ስለሚለውጥ የአንድ ዝርያ ኃይል ለሁልጊዜ አይቆይም።

የመድኃኒቱ ነገር የተጀመረው በፈረንሳይ አገር በቦርዶ ነው። የወይን ባለቤቶች መንገደኛ ፍሬውን እንዳይሰርቅ፥ በመንገድ ዳር ያለውን ወይን ሰማያዊ የመዳብ ጨውና ኖራ በጥብጠው ይረጩት ነበር። ሚላርዴ የተባለው መምህር የተረጨው ወይን ከበሽታ እንደ ዳነ አስተዋለና በ1885 መድኃኒቱን አስታወቀ፤ ሌባን ለማስፈራራት የተደረገው ነገር የኤውሮፓን ወይን አዳነ። ዛሬ በብዛት የሚረጩት ማንኮዜብና ሪዶሚል ናቸው። ማንኮዜብ የሚጠቅመው በሽታው ሳይገባ አስቀድሞ ቅጠሉን ሲሸፍን ነው፤ እርሻው ከጠቆረ በኋላ መርጨት ገንዘብ ማባከን ነው። ሪዶሚልም ያለ ማቋረጥ ሲደጋገም በሽታው ይለምደዋል።

ሹማምንት ከሁሉ ይልቅ ሊያስቡበት የሚገባው ግን የዘር ጉዳይ ነው። ሰብል የጠፋበትን ገበሬ ለመርዳት ከገበያ ርካሽ ድንች ተገዝቶ ለዘር ይታደላል። አሳቡ የርኅራኄ ነው፤ ሥራው ግን ብዙ ጊዜ በሽታን በከረጢት ማደል ይሆናል። በተለይ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ከውጭ ደኅና በሚመስል ድንች ውስጥ ተሸሽጎ ንጹሕ ወደ ነበረ መሬት ይገባል፤ ከገባም በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም፤ መሬቱን ለብዙ ዓመት በገብስ ወይም በስንዴ መለወጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘር የሚገዛ ሹም ከረጢቱን ከማየት አስቀድሞ ተክሉን በአበባው ጊዜ በእርሻው ላይ ይመርምር። ገና አረንጓዴ ሳለ የጠወለገ ተክል ቢያገኝ ግንዱን ከሥሩ አጠገብ ቆርጦ በብርጭቆ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሎ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ከቁራጩ እንደ ወተት ያለ ነጭ ክር ወደ ታች ከወረደ ከዚያ እርሻ አንድ ድንች እንኳ ለዘር አይወሰድ።

ንጹሕ ከሆነው እርሻ ግን ሁለት ሳምንት ሲቀረው ግንዱ ታጭዶ ከእርሻው ይወጣል፤ ድንቹም ልጡ ከጠነከረ በኋላ በደረቅ ቀን ይቆፈራል። ለዘር የተለየውን በጨለማ ጉድጓድ መክተት አይገባም፤ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታውና ብርሃንና ነፋስ በሚያገኘው ቆጥ ላይ ሳሳ አድርጎ ሲዘረጉት፥ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል።