የ160 ኤከር ሕግ፤ ስለ አሜሪካ ምዕራብ ሰፋሪዎች ኑሮ

ስለ አሜሪካ ምዕራብ አሰፋፈር የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጋሪና ስለ ጠመንጃ፥ ስለ ወርቅ ፍለጋና ስለ ከብት ነጂዎች ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው አንድ ቍጥርን ነው፤ ይኸውም 160 ኤከር የሚለው ነው። የብዙ ሰፋሪዎች መክበርና መክሰር፥ መቀመጥና መሰደድ ከዚህ ቍጥር ጋር የተያያዘ ስለ ነበረ፥ ከየት እንደ መጣና ምን እንዳስከተለ መመርመር ይገባናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ሜይ 20 ቀን 1862 ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ስለ ሰፋሪዎች መሬት የወጣውን ሕግ ፈረሙ። በዚህ ሕግ መሠረት የቤተ ሰብ ኀላፊ የሆነ ወይም 21 ዓመት የሞላው፥ ዜጋ የሆነ ወይም ዜጋ ለመሆን ፈቃዱን የገለጸ፥ በመንግሥቱም ላይ መሣሪያ ያላነሣ ሰው 160 ኤከር መሬት ይመራ ነበር። ይህም 65 ሄክታር ያህል ሲሆን፥ በቀድሞው የአገራችን ልክ ከአንድ ጋሻ ተኩል ጥቂት ከፍ ይላል። ባል የሌላቸው ሴቶችም ሕጉ አልከለከላቸውም፤ ከባርነት የወጡ ጥቁሮችም በ1877 በካንሳስ ኒቆዲመስ የተባለችውን መንደር መሥርተዋል። ሰፋሪው የሚከፍለው የመዝገብ ገንዘብ በጠቅላላው 18 ዶላር ነበር። ቤት ሠርቶ፥ መሬቱን አርሶ፥ 5 ዓመት ከተቀመጠ በኋላ የባለቤትነት ወረቀቱን ይቀበላል።

ቍጥሩ የመጣው ከመሬት ቀያሾች ነው። ከ1785 ጀምሮ የመንግሥት መሬት በካሬ ማይል እየተለካ ይከፋፈል ነበር፤ አንዱ ካሬ ማይል 640 ኤከር ስለ ሆነ፥ ሩቡ 160 ይሆናል። ዝናብ በማያጥርበት በምሥራቁ ክፍል ይህ ለአንድ ቤተ ሰብ ከበቂ በላይ ነበር። ነገር ግን ከ100ኛው የኬንትሮስ መሥመር ወደ ምዕራብ ሲታለፍ የዓመቱ ዝናብ ከ500 ሚሊሜትር ያንሳል። ቀያሹ መሬቱን እንጂ ዝናቡን አልለካም።

ይህን ችግር አስቀድሞ የተረዳው ጆን ዌስሊ ፓወል ነው። በ1878 ባቀረበው ጥናት፥ በደረቁ አገር መስኖ ላለው እርሻ 80 ኤከር እንደሚበቃ፥ ለግጦሽ ግን 2,560 ኤከር እንደሚያስፈልግ አሳሰበ። ምክሩ ተቀባይነት አላገኘም። በዚያን ጊዜ ሰው ባረሰ ቍጥር ዝናቡም እየጨመረ ይሄዳል የሚል እምነት ተስፋፍቶ ነበር፤ መሬት ሻጮችና የባቡር ኩባንያዎችም ሰው እንዲመጣ ይፈልጉ ነበር። ዝናቡ መልካም በሆነባቸው ዓመታት ሰፋሪው ጐረፈ፤ በ1890ዎቹ ድርቅ ሲመጣ ግን ብዙው ጓዙን ጠቅልሎ ተመለሰ።

የሰፋሪውም ኑሮ ከስሙ ጋር አይመሳሰልም። በነብራስካና በካንሳስ ሜዳ ዛፍ ስላልነበረ፥ ሣሩን ከነሥሩና ከነአፈሩ በማረሻ እየፈለጡ እንደ ጡብ በመደርደር ቤት ይሠሩ ነበር። ይህ ቤት በበጋ ይቀዘቅዛል፥ በክረምት ይሞቃል፤ ዝናብ ሲጥል ግን ጣራው ጭቃ ያፈሳል። ማገዶውም የጐሽና የከብት ኩበት ነበር። በ1874 የአንበጣ መንጋ ሰብሉን ጠርጎ በላ፤ በጃንዩዌሪ 12 ቀን 1888 የደረሰው የበረዶ ማዕበል ደግሞ ከትምህርት ቤት ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ልጆችን ሳይቀር ገደለ። እንግዲህ 18 ዶላሩ የዋጋው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም።

ከሁሉ የከበደውን ዋጋ የከፈሉት ግን ሰፋሪዎቹ አይደሉም። መሬቱ ባዶ አልነበረም፤ የላኮታ፥ የሻየን፥ የፓውኒና የሌሎችም ሕዝቦች አገር ነበረ። ሊታለፍ የማይገባው ነገር፥ ያው ቍጥር በእነርሱም ላይ መዋሉ ነው። በ1887 የወጣው ሕግ የጋራ መሬታቸውን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ የቤተ ሰብ አለቃ 160 ኤከር ከመደበ በኋላ፥ የተረፈው ለሰፋሪዎች እንዲሰጥ መንገድ ከፈተ። በዚያ ዓመት 138 ሚሊዮን ኤከር የነበረው ይዞታቸው በ1934 ወደ 48 ሚሊዮን ወርዶ ተገኘ። ለአንዱ ርስት መስጫ የሆነው ልክ ለሌላው ርስት መንቀያ ሆነ።

ሕግ አውጪዎቹ በ1909 ልኩን ለደረቅ እርሻ ወደ 320፥ በ1916 ደግሞ ለከብት እርባታ ወደ 640 ኤከር ከፍ አደረጉት። ይሁን እንጂ አፈሩን አጥብቆ ይዞት የነበረው ሣር በሰፊው ተገልብጦ ታርሶ ስለ ነበር፥ የ1930ዎቹ ድርቅ ሲመጣ አፈሩ አቧራ ሆኖ በነፋስ ተወሰደ። ሕጉ በ1976፥ በአላስካ ደግሞ በ1986 እስኪቀር ድረስ 1.6 ሚሊዮን ያህል ሰዎች 270 ሚሊዮን ኤከር መሬት አግኝተውበታል።

ሕጉ ለድኻው መሬት መስጠቱን ልንክድ አንችልም፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩና ከተማ ያቆሙ ሰፋሪዎች ብዙ ናቸው። ሆኖም ስለ መሬት ሥሪት የሚያጠና ተማሪ ለእያንዳንዱ ሰው ስንት ኤከር ደረሰው ብሎ ብቻ መቆም የለበትም። ይህ መሬት በዚህ ዝናብ ስንት ሰው ይመግባል፤ ከመሰጠቱስ በፊት የማን ነበረ ብሎ አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባል። በአሜሪካ ምዕራብ እነዚህ ሁለት ጥያቄዎች ሳይመለሱ መሬቱ ታደለ፤ መልሱም ዘግይቶ በድርቅና በስደት መጣ።