የሐኪም ቤቱ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

አባቶች፣ እናቶች! በቤታችሁ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የምታስቡት ምንድን ነው? ስለ በሽታው ነው ወይስ ስለ ገንዘቡ? ስንቱ ገበሬ ለሕክምና ብሎ በሬውን ሸጧል! ስንቱ በአራጣ ተበድሯል! በሽተኛው ቢድንም ሰኔ ሲገባ በምን ይታረሳል? በሽታው ከቤት ወጣ፤ ድህነቱ ግን ገባ። ስለዚህ የሐኪም ቤት ገንዘብ ነገር የሁላችን ነገር ነው። ከየት እንደሚመጣና የት እንደሚሄድ ማወቅ አለብን።

የመንግሥት ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ገንዘብ የሚገባው በአራት በር ነው።

አንደኛው በር የመንግሥት በጀት ነው። የነርሱና የሐኪሙ ደመወዝ በአብዛኛው ከዚህ ይከፈላል። ይህ ገንዘብ ከሰማይ አይወርድም። የመሬት ግብር ስትከፍሉ፣ ነጋዴው ግብሩን ሲከፍል፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ቀረጥ ሲከፈል ይጠራቀማል። የፌዴራሉ መንግሥት ለክልል ይሰጣል። ክልሉ ለወረዳ ያካፍላል። የወረዳው ምክር ቤት ደግሞ ይህ ለትምህርት፣ ይህ ለመንገድ፣ ይህ ለጤና ብሎ ይመድባል።

ሁለተኛው በር በሽተኛው የሚከፍለው ነው። የካርድ፣ የምርመራ፣ የመድኃኒት ዋጋ ማለት ነው። ድሮ ይህ ገንዘብ ተሰብስቦ ወደ መንግሥት ካዝና ይገባ ነበር። ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያልቅበት ካዝናውን ደጅ ይጠና ነበር። በ1990 ዓ.ም. አዲስ የጤና ገንዘብ ስልት ወጣ። ከዚያም ክልሎች በየተራ ሕግ አወጡ። አሁን ጤና ተቋሙ የሰበሰበውን እዚያው አስቀርቶ ለመድኃኒትና ለዕቃ ያውለዋል። ወጪውን የሚቆጣጠር ቦርድም አለው፤ በቦርዱ ውስጥ የሕዝብ ተወካይ ይቀመጣል። ልብ በሉ! ክፍያ የማይጠየቅበትም አገልግሎት አለ። የሕፃናት ክትባት፣ በጤና ጣቢያ መውለድ፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በነጻ ነው።

ሦስተኛው በር የውጭ ዕርዳታ ነው። ለክትባት፣ ለወባ፣ ለኤች አይ ቪ መድኃኒት ብዙ ረድቷል። ነገር ግን የሰው በር ሰው ሲፈልግ ይዘጋዋል። በ2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን በድንገት ሲያቆም ይህ በግልጽ ታየ።

አራተኛው በር የራሳችን መዋጮ ነው። ስሙ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ይባላል። መድን ማለት ዋስትና ማለት ነው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። ኋላም ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፋ።

ነገሩ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። ዕድር አላችሁ። ዕድር ሰው ሲሞት ይደርሳል፤ የጤና መድን ግን ሰው ሳይሞት ይደርሳል።

እስቲ የተማራችሁትን ሒሳብ አውጡ። በአንድ ቀበሌ 500 ቤት አለ እንበል። እያንዳንዱ ቤት በዓመት 1,000 ብር ቢያዋጣ 500,000 ብር ይሆናል። በዚያ ዓመት 20 ቤት ከባድ በሽታ ገባ እንበል። ለእያንዳንዱ ቤት 15,000 ብር ቢያስፈልግ 300,000 ብር ይወጣል። የቀረው 200,000 ብር ለሌላው ሕመምተኛ ይሆናል። ማንም በሬውን አልሸጠም።

አሁን ደግሞ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ለምን እከፍላለሁ?» እያለ ብዙው ሰው ቀረ እንበል። 50 ቤት ብቻ ገባ፤ ከባድ በሽታ ያለባቸው 20ዎቹም እዚያው ውስጥ ናቸው። የተዋጣው 50,000 ብር ነው። የሚፈለገው 300,000 ብር ነው። ሣጥኑ ባዶ ሆነ! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው የተባለው ለዚህ ነው። ባልታመማችሁበት ዓመት ገንዘባችሁ የጎረቤታችሁን ልጅ አድኗል። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የእሱ ገንዘብ የእናንተን ልጅ ያድናል። አባል የሚሆነው ግለሰብ ሳይሆን መላው ቤተሰብ የሆነውም ለዚህ ነው።

መክፈል ያቃተውስ? የቀበሌው ሕዝብ እጅግ ድሃ የሆኑትን ይለያል። የእነሱን መዋጮ መንግሥት ይከፍላል። እዚህ ላይ ጠንቀቅ በሉ! ስሙ የተጻፈው የባለሥልጣን ዘመድ ነው ወይስ በእርግጥ የተቸገረችው መበለት ናት? ዝርዝሩ በስብሰባ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

በሌላው ዓለምም መንገዱ ይኸው ነው። በጀርመን ከ1883 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠራተኛና አሠሪ እያዋጡ ይታከማሉ። በእንግሊዝ ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሐኪም ቤት ወጪ በአብዛኛው ከግብር ይከፈላል። መንገዱ ቢለያይም ሐሳቡ አንድ ነው። ጤነኛው ለሕመምተኛው፣ ያለው ለሌለው ይከፍላል።

የእኛ አገር መድን ጉድለት የለውም ወይ? አለው። አባሉ መታወቂያውን ይዞ ይሄዳል፤ «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዛ» ይባላል። ይህ ሰው ሁለት ጊዜ ከፈለ ማለት ነው። በሚቀጥለው ዓመት መዋጮውን ቢተው ይፈረድበታል? መዋጮው ከወጪው ካነሰ፣ መድኑም ለጤና ጣቢያው ዕዳውን ቶሎ ካልከፈለ፣ ጤና ጣቢያው መድኃኒት የሚገዛበት ያጣል። አባሉ ሲሸሽ ደግሞ ሣጥኑ ይብስ ይጎድላል። ይህን አዙሪት የሚሰብረው መሸሽ ሳይሆን መጠየቅ ነው።

አሁን ፊደል ቆጥራችኋል። ታዲያ ምን ታደርጋላችሁ?

መታወቂያ ደብተራችሁን አንብቡ። የታደሰበት ዓመት ተጽፏል ወይ? የቤተሰቡ ስም ሁሉ አለ ወይ? መዋጮ ስትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሰጣችሁት ብርና የተጻፈው ብር አንድ መሆኑን እዩ። ስትታመሙ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወደ ሆስፒታል የሚያስኬድ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ያዙ፤ ያለ ወረቀት የሄደ ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። በስብሰባ ላይ ደግሞ እጃችሁን አውጡ። «ዘንድሮ ስንት ብር ተዋጣ? ስንት ወጣ? ለመድኃኒት ስንት ዋለ?» በሉ። መልሱን በቁጥር ተቀበሉ፤ በደብተራችሁም ጻፉት።

ገንዘቡ የእናንተ ነው። የሰጠ ሰው ይጠይቃል፤ ያነበበ ሰው ደግሞ አይታለልም።