ሁሉም በአንድ ዋጋ፦ ትርፉ ከየት ይመጣል?

ሪያድ ወይም ጅዳ ሠርተው የተመለሱ እህቶቻችን «አቡ ሪያለይን» የሚባሉትን ሱቆች በደንብ ያውቋቸዋል። ስኒው፣ ማበጠሪያው፣ የልጆች መጫወቻው በሁለት ሪያል ስለሚሸጥ ነው ይህ ስም የወጣላቸው። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ «ዶላር ስቶር» የሚሏቸው አሉ። ታዲያ ዕቃው እንዲህ ረክሶ ነጋዴው ከምን ያተርፋል?

ነገሩ የዛሬ አይደለም። ፍራንክ ዉልዎርዝ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1879 በዩቲካ ከተማ ዕቃ በ5 ሳንቲም የሚሸጥ ሱቅ ከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ዘጋው። በዚያው ዓመት ላንካስተር ላይ የከፈተው ግን ተሳካለት፤ የ10 ሳንቲም ዕቃም ጨመረበት። ዋጋው ቁርጥ ነው፣ ክርክር የለም። መርካቶ ላደገ ሰው ይህ ጨው የሌለው ግብይት ሊመስለው ይችላል፤ ለሻጩ ግን ጊዜና የሠራተኛ ደመወዝ ያተርፍለታል።

ሌላው ነጋዴ ዕቃውን ይገዛል፣ ወጪውን ይደምራል፣ ትርፉን ጨምሮ ዋጋ ያወጣል። እነዚህ ግን የሚነሡት ከዋጋው ነው። መሸጫው 1 ዶላር ከሆነ፣ ባለ ፋብሪካውን «በ65 ሳንቲም ስንት ግራም ሳሙና ታስረክበኛለህ?» ይሉታል እንበል። ኑሮ ሲወደድ ሳሙናው ይሳሳል፣ የብስኩቱ ቁጥር ይቀንሳል እንጂ ዋጋው አይነካም። ይህም ቢሆን መጨረሻ አለው። ዶላር ትሪ የተባለው ድርጅት ከ1986 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የ1 ዶላር ዋጋ በ2021 ወደ 1 ዶላር ከ25 አድርሶታል።

ከእያንዳንዱ ዕቃ የሚገኘው ትርፍም እኩል አይደለም። ከምግብ የሚገኘው ጥቂት ነው፤ ከፕላስቲክ ዕቃ፣ ከጌጣጌጥና ከመጫወቻ ግን ብዙ ይገኛል። እናት ለብስኩት ትገባለች፣ ልጅ መጫወቻ ይዞ ይወጣል፤ የሱቁ ሒሳብ የሚሞላው በልጁ ነው። ከዚህ ሌላ ሠራተኛው ጥቂት ነው፤ ከሌላ ነጋዴ የተረፈ ዕቃም በርካሽ ይሰበሰባል። ከ20,000 በላይ ሱቆች ያሉት ዶላር ጄኔራል በ2023 ከ100 ዶላር ሽያጭ የዕቃው መግዣ ሲወጣ 30 ያህል ቀርቶለታል፤ ደመወዙ፣ ኪራዩና ሌላው ተከፍሎ የተጣራው ግን 4 ዶላር ገደማ ነበር።

ለቤተሰብ የሚከብደው ሌላው ነገር ነው። 200 ግራም የዱቄት ሳሙና በ1 ዶላር፣ ኪሎው ሌላ ሱቅ በ4 ዶላር ይሸጣል እንበል። ትንሿን አምስት ጊዜ የገዛ ሰው ለአንድ ኪሎ 5 ዶላር ከፈለ ማለት ነው። በአንዴ 4 ዶላር ማውጣት የማይችለው ድሃው በመሆኑ፣ አስበልጦ የሚከፍለውም እርሱ ነው። ሰፈራችን ውስጥ ኦሞ በትንሿ ከረጢት፣ ዘይት በሲኒ የሚገዛ ቤተሰብ ይህን ሒሳብ ከእኛ በላይ ያውቀዋል።

ማትረፉ በራሱ ነውር አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በግ እንዲገዛላቸው አንድ ዲናር የሰጡት ዑርወቱል ባሪቂ (ረ.ዐ) ሁለት ገዝቶ፣ አንዱን በአንድ ዲናር ሸጦ፣ በጉንም ዲናሩንም ይዞ ሲመጣ በንግዱ በረካ እንዲያገኝ ዱዓእ እንዳደረጉለት ቡኻሪ ዘግበዋል። ግራሙ ከላዩ በግልጽ የተጻፈበትን ትንሽ ጥቅል የሚሸጥ ሰውም በእኛ አስተያየት አላታለለም። መደርደሪያው ላይ አንድ ዋጋ ጽፎ ገንዘብ ተቀባዩ ዘንድ ሌላ ማስከፈል ግን ከዚህ ይለያል። የኦሃዮ ግዛት ዐቃቤ ሕግ በ2022 ዶላር ጄኔራልን በዚሁ ከሶታል፤ ድርጅቱም በ2023 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል። በመደርደሪያውና በደረሰኙ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ዕቃ ላይ የሳንቲሞች ያህል ሊሆን ስለሚችል፣ ደረሰኙን ሳያይ ለሚወጣ ገዥ አይታወቅም።