በመኪና ላይ ሁለተኛ ባትሪ ስለ መግጠም

ቢሾፍቱ በሚገኘው በብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚዘጋጁት ክትባቶች፥ ከገበሬው በረት እስኪደርሱ ድረስ በአብዛኛው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው መጠን ቀዝቅዘው መቆየት ይገባቸዋል። ሙቀት የነካው ክትባት በመርፌ ቢሰጥም ከብቱን ከበሽታ ላያድነው ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወዳልደረሰበት ቀበሌ የሚሄድ የሥራ መኪና አነስተኛ ማቀዝቀዣ ቢይዝ ይጠቅማል። ማቀዝቀዣው በ12 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ከባትሪ ጋር በቀጥታ ይያያዛል፤ በ220 ቮልት የሚሠራ ከሆነ ግን ኢንቨርተር የሚባለው የኃይል መለወጫ ያስፈልገዋል።

ይሁን እንጂ ኃይሉን ከመኪናው ባትሪ መውሰድ አይገባም። ያ ባትሪ የተሠራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሴኮንድ በብርቱ ለማዞር ነው እንጂ ሌሊቱን ሙሉ ኃይል ለመስጠት አይደለም። ሞተሩ ጠፍቶ ማቀዝቀዣው ሲሠራ ቢያድር፥ ጧት መኪናው አይነሣም፤ ሠራተኛውም ክትባቱም በዚያው ይቀራሉ።

መፍትሔው፥ ደጋግሞ ቢጎድልና ቢሞላ የማይጎዳ ዓይነት ሁለተኛ ባትሪ መግጠም ነው። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ሪሌ ይገባል። ሞተሩ ሲሠራ ሪሌው ያገናኛቸውና ዲናሞው ሁለቱንም ይሞላል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ይለያቸዋል። በዚህም የመኪናው ባትሪ ለጧት ተጠብቆ ያድራል። የዲናሞው ቮልት በኮምፒዩተር በሚታዘዝባቸው አዳዲስ መኪናዎች ግን፥ በሪሌው ፈንታ ከባትሪ ወደ ባትሪ የሚሞላ ቻርጀር ይመረጣል።

ባትሪው ከመገዛቱ በፊት ሒሳቡን ማወቅ ያሻል። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ግማሹን ብቻ መጠቀም ይበጃል፤ ይኸውም 50 አምፔር ሰዓት በ12 ቮልት ሲባዛ 600 ዋት ሰዓት ነው። ኢንቨርተሩ ከመቶ 15 ቢያባክን 510 ይተርፋል። በአማካይ 50 ዋት የሚወስድ ማቀዝቀዣ በዚህ 10 ሰዓት ያህል ይሠራል፤ 300 ዋት የሚወስድ መሣሪያ ግን ሁለት ሰዓት አይሞላም።

በአገጣጠም ረገድ አራት ነገሮች ይጠበቁ።

አንደኛ፥ 300 ዋት በ12 ቮልት በኩል ከ25 አምፔር በላይ ስለሚስብ፥ ገመዱ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ ቀጭን ገመድ ግሎ እሳት ያስነሣል።

ሁለተኛ፥ ሁለቱን ባትሪዎች በሚያገናኘው ገመድ ላይ፥ ከያንዳንዱ ባትሪ ፖዘቲቭ አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ወደ ኢንቨርተሩ በሚሄደውም ላይ እንዲሁ።

ሦስተኛ፥ ባትሪው እንዳይናወጥ በብረት ይታሰር። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ የሚፈነዳ ጋዝ ስለሚያወጣ ነፋስ በሚያገኝበት ስፍራ ይቀመጥ።

አራተኛ፥ ከኢንቨርተሩ የሚወጣው 220 ቮልት እንደ ቤት ኤሌክትሪክ ሰው የሚገድል ስለ ሆነ፥ ከውሃና ከእርጥብ እጅ ይራቅ።

ሥራው የመኪና ኤሌክትሪክ ለሚያውቅ ባለሙያ ይሰጥ። ከተገጠመም በኋላ መኪናው ለጉዞ ከመነሣቱ በፊት፥ ማቀዝቀዣው ባዶውን አንድ ሌሊት ሠርቶ፥ ጧት ቴርሞሜትሩ ታይቶ ሞተሩም ተነሥቶ ይፈተን። ክትባቱ የሚጫነው ከዚህ በኋላ ነው።