ከዳሎል ምድረ በዳ የሚለቀም ድንጋይ

አባቶች ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ብለውታል። በአፋር በረሓ፥ በዳሎል ዙሪያ በእግሩ ለሚጓዝ ሰው ግን ጨውና ድንጋይ አንድ ናቸው፤ የሚረግጠው ሁሉ ጨው፥ ጨውም ሁሉ ሀብት ነው።

ዳሎል ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለ ስፍራ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነበር። ስለዚህ ድንጋይ ለቃሚው ከመዶሻው አስቀድሞ ውሃውን፥ ከውሃውም አስቀድሞ አገሩን የሚያውቅ አፋር መሪ ያዘጋጃል፤ ፀሐይ ሳትበረታም ሥራውን ይፈጽማል።

ድንጋዩን መለየት ጥበብን ይጠይቃል። ንጹሕ ጨው ሲመታ አራት ማዕዘን እየሆነ ይፈረከሳል። ጀሶ በጥፍር ይጫራል። ባልጩት ደግሞ እንደ ጠርሙስ ይሰበራል፤ ጠርዙም እንደ ምላጭ ይቆርጣል። በፍል ውሃው አጠገብ ግን ቢጫ ያየ ሰው ሁሉንም ድኝ ነው እንዳይል ይጠንቀቅ፤ የቀለሙ ብዙ ክፍል ከብረት የመጣ ነውና። ኩሬዎቹም ብርቱ አሲድ ስለ ሆኑ መቅመስም መንካትም አይገባም። አንዳንዱ የፖታሽ ጨው ከአየር ርጥበት ስቦ ይሟሟል፤ በደረቅ ጠርሙስ ተከድኖ ካልተያዘ ከደጋ ሲደርስ ውሃ ሆኖ ይገኛል።

ይህ ነገር ለነጋዴ ባዕድ አይደለም። ከዚሁ ሜዳ የተቈረጠው አሞሌ በግመል ወደ ደጋ እየወጣ ለዘመናት እንደ ገንዘብ አገልግሏል። ለማዳበሪያ የሚፈለገውንም ፖታሽ ወደ ባሕር ለማውረድ፥ ከመርሳ ፋጥማ ወደብ እስከ ዳሎል አቅራቢያ በ1918 የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ ነበር። ይሁን እንጂ ናሙና ያለ መዝገብ ዋጋ የለውም። የተገኘበት ስፍራና ቀን፥ ጥልቀቱም ያልተጻፈበት ድንጋይ፥ ለገዢ የመደርደሪያ ጌጥ እንጂ የንግድ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ከሁሉ በላይ ሕጉ መታወቅ አለበት። ማዕድን የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ስለ ሆነ ለንግድ ማውጣት ፈቃድን ይጠይቃል። ሉሲ በ1974 የተገኘችው በዚሁ በአፋር ምድር ነው፤ ስለዚህ አጥንት የመሰለ ድንጋይ ወይም በሰው እጅ የተጠረበ ባልጩት ማዕድን ሳይሆን ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ያገኘ ሰው ማስታወቅ ይገባዋል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር ማውጣት ክልክል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ያየ መንገደኛ ካለበት ሳያነሣ፥ ስፍራውን መዝግቦ ቢያመለክት አገሩንም ራሱንም ይጠቅማል። በኪስ የገባች አንዲት ጠጠር፥ በጉምሩክ በር ላይ ከአንድ ግመል ጭነት ይልቅ ልትከብድ ትችላለች።