አሮጌው እምነት ወዴት ሄደ?

ሃይማኖት እንደ ልብስ ነው፤ አንዱን አውልቆ ሌላውን መልበስ ይቻላል የሚሉ ሰዎች አሉ። የሕዝቦችን ታሪክ የመረመረ ሰው ግን ይህን አባባል በቀላሉ አይቀበለውም።

ለምሳሌ ያህል ኩባን እንመልከት። ዛሬ ናይጄሪያና ቤኒን ከሚባሉት አገሮች በባርነት ወደዚያች ደሴት የተጋዙት የዮሩባ ሰዎች ተጠምቀው ካቶሊክ ተባሉ። ይሁን እንጂ የነጎድጓዱን ጌታ ሻንጎን በቅድስት ባርባራ፣ የበሽታውን ጌታ ባባሉ አዬን በቅዱስ አልዓዛር ስም ማክበራቸውን አልተዉም። ሳንቴሪያ የሚባለው ሃይማኖት የተወለደው እንዲህ ነው። በኩባ ባርነት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1886 ቢሻርም፣ ከበሮው፣ በዛጎል የሚጣለው ዕጣና የእንስሳቱ መሥዋዕት እስከ ዛሬ አልቀሩም።

ይህ የሩቅ አገር ነገር ለአዲሎ ምኗ ነው? የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዲሎ የከምባታ ከተማ ናት፤ የከምባታ ጎረቤት ደግሞ ሐዲያ ነው። ሐዲያ በመካከለኛው ዘመን በእስልምና የታወቀ ግዛት ነበረ፤ ዝነኛይቱ ንግሥት እሌኒም የሐዲያ ገዥ ልጅ ነበረች። ከ16ኛው ምዕተ ዓመት ጦርነትና ፍልሰት በኋላ ሕዝቡ ከእስልምና መምህራን ተለይቶ ኖረ። ቢሆንም ጾሙንና ጸሎቱን አልጣለም፤ ዋዕ በሚባለው የሰማይ አምላክ ከነበረው እምነት ጋር አዋሕዶ ያዘው። ይህም ፋንዳኖ ተባለ። እንግዲህ በኩባ ያዋሐደው ግዳጅ ሲሆን፣ በሐዲያ ያዋሐደው ርቀት ነው።

ከ1920ዎቹ ዓ.ም. ወዲህ የወንጌላውያን ሚሲዮን ትምህርት በመስፋፋቱ፣ እስልምናም በመጠናከሩ የፋንዳኖ ተከታዮች እየተመናመኑ ሄዱ። ጀርመናዊው ሊቅ ኡልሪኽ ብራውከምፐር ከሽማግሎች አፍ እየሰማ ባይጽፍ ኖሮ፣ ብዙው ነገር ተረስቶ በቀረ ነበር።

ነገር ግን አንድ ነገር ልብ ይሏል። ዛሬ በሐዲይኛ የሚጸልይ ክርስቲያን አምላኩን የሚጠራው በዚያው በጥንቱ ስም፣ ዋዕ ብሎ ነው፤ ከምባታውም መጋኖ ይላል። አሮጌው ስም አዲሱ ቤት ገብቶ ተቀምጧል።

ስለዚህ ወደ አዲሎም ሆነ ወደ ሆሳዕና የሚመደብ ወጣት ሹም፣ ያልገባውን ሁሉ ኋላ ቀር ልማድ ብሎ ከማውገዙ በፊት ይጠይቅ። ጎጂውን ልማድ መቃወም የሚገባ ነው፤ ሳያውቁ መናቅ ግን ከተማረ ሰው አይጠበቅም። ጾሙ እንዴት ይጾም እንደ ነበረ፣ ጸሎቱ በምን ቃል ይደርስ እንደ ነበረ በደብተሩ ያስፍር። ፋንዳኖን በዓይናቸው ያዩት ሽማግሎች ዓመት በዓመት ቁጥራቸው እያነሰ ነው። የቢሮ መዝገብ ቢዘገይ ይጠብቃል፤ ሽማግሌ ግን አይጠብቅም።